ክፋትን ከየት ላምጣው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ምናባዊ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፤ ፋንታሲ የሚሉት ዓይነት። ዓለሙን የፈጠረ እማሬ የሚባል አምላክ አለ። ደግ ነው፣ ሁሉን ያውቃል፣ ሁሉን ይችላል። መጀመሪያ ከፈጠራቸው አገልጋዮች አንዱ፣ ጉርዳ፣ ከዳው። ጉርዳ ደግሞ ጎርሞች የሚባሉ ጭራቆችን ሠርቶ ዓለሙን ወረረ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች አያይዣለሁ። ጓደኛዬ አንብባ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። አምላክሽ አስቀድሞ ካወቀ ጉርዳ ምን ጥፋት አለበት? ጎርሞቹስ ክፉ ሆነው ከተሠሩ በምን ኃጢአታቸው ይታረዳሉ? መልስ አጣሁ። ክፋትን ከየት ላምጣው?»

መልስ፦

እህቴ፣ በቅድሚያ ያቺን ጓደኛሽን ምሳ ጋብዣት። ረቂቅ አንብቦ «አሪፍ ነው፣ በርቺ» የሚል ሰው ሞልቷል። መሠረቱ ላይ ያለውን ስንጥቅ የሚያሳይ ግን እንደ ልብ አይገኝም።

ደግሞም ብቻሽን አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ1954 በኦክስፎርድ የካቶሊክ መጻሕፍት መደብር ያስተዳድር የነበረ አንድ ሰው ለጄ. አር. አር. ቶልኪን ደብዳቤ ጻፈ። «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን መጽሐፉን ወዶታል። አንድ ነገር ግን ቆርቁሮታል። ትሪቢርድ የሚባለው ጥንታዊ የዛፍ እረኛ፣ ትሮልና ኦርክ የሚባሉትን ጭራቆች የሠራቸው የጨለማው ጌታ ነው ይላል። ሰውየው ክፋት ምንም ነገር መፍጠር አይችልም ባይ ነው። ቢፈጥርስ፣ ፍጡሩ ቅንጣት ታህል ደግነት ከየት ያመጣል? ማስረጃም ጠቀሰ። በቀደመው የቶልኪን መጽሐፍ ዊልያም የሚባል ትሮል አለ። ሰው በላ ነው። ለትንሹ ለቢልቦ ግን አንጀቱ ይራራል።

ቶልኪን መልስ ጀመረ። ጻፈ፣ ጻፈ፣ ረዘመበት። ከዚያ ሳይልከው ቀረ። ራሴን ከመጠን በላይ ትልቅ ሰው ያደረግሁ መሰለኝ የሚል ማስታወሻ ጽፎበት ተወው። እኔ የእሱን ያህል ይሉኝታ ስለሌለኝ ይኸው ልኬልሻለሁ።

ከረቂቅሽ ልጀምር። በመጀመሪያው ገጽ እማሬ የሌለበት መስመር የለም። ይናገራል፣ ያዛል፣ ያበራል። አገልጋዮቹ ዓይናቸውን ሲገልጡ እሱን ነው የሚያዩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ «የጉርዳ ልብ ድንገት ጠቆረ» ትያለሽ። ጓደኛሽን የረበሻት ይቺ «ድንገት» ናት፤ እሷ ስሙን አላወጣችለትም እንጂ። የጀበና ቂጥ እንኳ የሚጠቁረው እሳት ላይ ተጥዶ ነው። ያለ ምክንያት የጠቆረ ልብ ሲያይ አንባቢ ወደ ኋላ ዞሮ ማን አጠቆረው ይላል። እዚያ ያለው እማሬ ብቻ ነው። ከእሱም ኋላ አንቺ አለሽ፣ እስክሪብቶሽን ይዘሽ።

ይህን ትምህርት ሳስተምር ተማሪዎቼን አንድ ነገር እንዲፈልጉ አዛቸዋለሁ፤ ፈጣሪው ዝም ያለበትን ሰዓት። የትኛውም የፍጥረት ታሪክ ውስጥ ነጻ ፈቃድ ካለ መግቢያ በሩ እዚያ ነው።

ቅርባችን ያለውን እንይ። (የሃይማኖት መጽሐፍን ከልቦለድ ጋር አንድ እያደረግሁ አይደለም። አተራረኩን ብቻ ነው የምመለከተው።) ልጅ ሆኜ መብራት ሲጠፋ አያቴ የምታወራልን የሳጥናኤልን ነገር ነበር፤ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት በሚተርከው በአክሲማሮስ ያለውን። እግዚአብሔር እሑድ ዕለት ሰባቱን ፍጥረታት በአርምሞ ፈጠረ። አራቱን ባሕርያት፣ ጨለማን፣ ሰማያትን፣ መላእክትን። በአርምሞ ማለት ዝም ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ማለት ነው። ከዚያ ተሰወረባቸው። መላእክቱ በጨለማ ውስጥ ነቅተው «ማን ፈጠረን? ከየት መጣን?» መባባል ጀመሩ። ሳጥናኤል ከሁሉም በላይ ተሹሟል። ሽቅብ ቢያይ ማንም የለም። ቁልቁል ቢያይ ሁሉም ከበታቹ ነው። «እኔ ፈጠርኋችሁ» አለ።

አያቴ እዚህ ጋ ስትደርስ ዝም ትላለች። እኛም ዝም። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ በዚያ ዝምታ መሀል «መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። አራት ወይም አምስት ዓመቱ ቢሆን ነው። ሳቅን እንጂ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ለአንዲት ቅጽበት አምኜው ነበር። ጨለማ ውስጥ መጀመሪያ የተናገረ ሰው ይታመናል።

ቀጥሎ ገብርኤል ይነሳል። «ንቁም በበሕላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» ይላል። አምላካችንን እስክናገኘው ድረስ በያለንበት ጸንተን እንቁም። ብርሃን የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስምንተኛው ፍጥረት፣ የመጀመሪያው በቃል የተፈጠረ። ለይኩን ብርሃን።

አሁን እንደ ጸሐፊ አንብቢው። ገብርኤልም ፈጣሪውን አላየም። ከሳጥናኤል የተለየ መረጃ አልደረሰውም። ጨለማው አንድ ነው፣ ጥያቄው አንድ ነው። አንዱ የማያውቀውን በራሱ ስም ሞላው። ሌላው አለማወቁን ተሸክሞ ቆመ። ገብርኤል ፈጣሪውን እያየ ቢሆን ኖሮ መታመኑ ምን ይደንቃል? ሳጥናኤልም እያየ ቢሆን ኖሮ ውሸቱ እብደት እንጂ ክህደት አይባልም ነበር። ምርጫ የሆነው እግዚአብሔር ስለተሰወረ ነው። መቶው ነገደ መላእክትም የሚፈተነው ሁለቱን ድምፆች ሰምቶ ነው፤ በየቱ እንደሚሄድ ራሱ ይወስናል።

የአንቺ እማሬ ግን አይሰወርም። ዘበኛ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ቶልኪን እንሂድ። አንዱ ከሌላው ቀዳ እያልኩ አይደለም። «አይኑሊንዳሌ» የሚባለውን የፍጥረት ታሪክ መጀመሪያ የጻፈው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ፣ በኦክስፎርድ ለእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሲሠራ ነው። ለአንባቢ የደረሰው ግን «ሲልማሪሊዮን» ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ እሱ ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በልጁ አዘጋጅነት። ኢሉቫታር የሚባለው ፈጣሪ አይኑር የተባሉ መናፍስትን ይፈጥራል። የዜማ ጭብጥ ይሰጣቸውና እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ሐሳብ አስጊጡት ይላቸዋል። ከዚያ ምን ያደርጋል? ተቀምጦ ያዳምጣል። ማሕሌት የቆመ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። መሪው ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ በመሀል ያለው ቦታ የተቀባዩ ነው።

ሜልኮር ከሁሉም የላቀ ስጦታ ያለው ነው። ከዜማው በፊት የሆነውን ልብ በይ። ብዙ ጊዜ ብቻውን ወደ ባዶው ይሄድ ነበር፤ የማይጠፋውን እሳት፣ የሕይወትን ምንጭ ፍለጋ። ባዶነቱ አላስቻለውም። የራሱ የሆነ ነገር እንዲኖር ፈለገ። እሳቱን አላገኘውም፤ እሳቱ ያለው ኢሉቫታር ዘንድ ነውና። ብቻውን ሲውል ግን ከወንድሞቹ የተለየ ሐሳብ ያበቅል ጀመር። እስኪ ንገሪኝ፣ እዚህ ውስጥ ኃጢአቱ የቱ ጋ ነው? ባዶ ቦታ መጥላት? መፍጠር መፈለግ? አንቺስ ልቦለድ የምትጽፊው ለምን ሆነና?

ቶልኪን ክፋቱን ከደግ ምኞት ጎን ነው የተከለው። ከዚያ በዜማው ውስጥ ሜልኮር የራሱን ድምፅ ከፍ ለማድረግ ብሎ ይረብሻል። አጠገቡ ያሉት ይደነጋገራሉ። አንዳንዶቹ ዜማቸውን ከእሱ ጋር ያስተካክላሉ። ኢሉቫታር ፈገግ ብሎ ግራ እጁን ያነሳል፣ ሁለተኛ ጭብጥ ይጀምራል። ረብሻው ይብሳል። ፊቱ ይኮሳተራል፣ ቀኝ እጁን ያነሳል፣ ሦስተኛ ጭብጥ። በመጨረሻ ሁለቱንም እጆቹን ያነሳና ዜማው በአንድ ድምፅ ያበቃል። ሦስት ጊዜ ተነሳ፤ አንዴም ግን የሜልኮርን አፍ አልያዘም።

እዚህ ላይ የጓደኛሽ የመጀመሪያ ጥያቄ ይመጣል። ኢሉቫታር ሲጨርስ ለሜልኮር የሚለው ከባድ ነው። ምንጩ ከእኔ ያልሆነ ዜማ የለም፤ ልትቀይረው የሞከርከውም መልሶ የእኔ መሣሪያ ይሆናል። ታዲያ ሜልኮር አሻንጉሊት ነው?

የድሮው መልስ የሮማዊው ፈላስፋ የቦኤትዮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ524 አካባቢ እስር ቤት ሆኖ፣ ሞቱን እየጠበቀ ነው የጻፈው። ለእግዚአብሔር ትናንትና ነገ የለም፣ ሁሉም አሁን ነው ይላል። አንድ ሰው ሲራመድ ብታዪው ያራመድሽው አንቺ አይደለሽም። ማየት ማስገደድ አይደለም። ለፍልስፍና ክፍል ይህ በቂ ነው፤ ቢያንስ ለፈተና ይበቃል። ለልቦለድ ግን አይበቃም። ልቦለድ ውስጥ የሚያየውም የሚያራምደውም አንድ ሰው ነው። ጸሐፊው። አንባቢ ይህን በደመ ነፍሱ ያውቃል። ስለዚህ እማሬ «ይህ ሁሉ እንደሚሆን አውቅ ነበር» ባለ ቁጥር አንባቢሽ የሚሰማው የአንቺን ድምፅ ነው። ያችን ዓረፍተ ነገር አውጪያት። ረቂቅሽ ውስጥ ሦስት ጊዜ አለች።

ቶልኪን ያመለጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ለሰው ልጆች ልዩ ስጦታ ሰጣቸው። ለሌላው ፍጥረት ዜማው እንደ ዕጣ ፈንታ ነው፤ ሰዎች ግን ከዜማው ባሻገር ሕይወታቸውን መቅረጽ ይችላሉ። ዋጋውም ሞት ነው። እሱ ሞትንም ስጦታ ይለዋል። ሁለተኛው ትንሽ ትዕይንት ናት፣ እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ እሷን እወዳለሁ። ኡልሞ የውሃ ጌታ ነው። ሜልኮር በውሃው ላይ መራራ ብርድ ለቀቀ፣ ልክ የሌለው ሙቀትም ለቀቀ። ኢሉቫታር ኡልሞን ጠርቶ «ተመልከት» ይለዋል። ከብርዱ በረዶ መጣ፣ አመዳይ መጣ። ከሙቀቱ ደመናና ዝናብ መጣ። ኡልሞ ተደንቆ ውሃ እኔ ካሰብኩት በላይ ተዋበ ይላል።

ያምራል። ግን ተጠንቀቂ። ለበረዶ የሚሠራ መልስ ልጇን ለቀበረች እናት አይሠራም። አንድ ረቂቅ አንብቤ አውቃለሁ፤ መንደር ሙሉ ተቃጥሎ፣ ሽማግሌው አመዱ ላይ ቆሞ ክፋትም ለዓለም ውበት ታስፈልጋለች እያለ ይሰብካል። በሽማግሌው ፋንታ እኔ አፈርኩ። ይህን መልስ የምታስነግሪው ገጸ ባሕርይ ዝናቡን የተጠማ ይሁን እንጂ ጎርፉን ቆሞ ያየ አይሁን።

አንድ ደግ አምላክ ባይኖርስ? ትችያለሽ፣ የቆየ መንገድ ነው። በባቢሎን የፍጥረት ግጥም ሰው የሚሠራው ከኪንጉ ደም ነው፤ የአማፅያኑ ጦር መሪ ከነበረው። የተሠራውም የአማልክትን ሥራ እንዲሸከምላቸው ነው። የአማፂ ደም ያለበት ፍጡር እንግዲህ ቢያምፅ ማን ይፈርዳል? በፋርስ ደግሞ የአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አርመናዊ ጸሐፊ ኤዝኒክ የመዘገበው የዙርቫን ታሪክ አለ። ዙርቫን ልጅ ፍለጋ አንድ ሺህ ዓመት መሥዋዕት አቀረበ። በመጨረሻ «ይህ ሁሉ ልፋት ምን ይጠቅመኛል?» ብሎ ተጠራጠረ። ወዲያው ሁለት ልጆች ተፀነሱ። ኦርሙዝድ ከመሥዋዕቱ፣ አህሪማን ከጥርጣሬው። ቀድሞ ለወጣው ንግሥናውን እሰጣለሁ ብሎ ስለነበር አህሪማን ማኅፀን ቀድዶ ወጣ። የክፋት አባት የአምላክ የአንዲት አፍታ ድካም መሆኑ ልብ ይነካል። ግን አህሪማን ራሱ ምን መረጠ? ምንም። አንቺ ስለ ምርጫ መጻፍ ከፈለግሽ ይህ መንገድ ያስቸግርሻል። የፋርስ ጥንታዊዎቹ መዝሙሮች፣ ጋታዎቹ፣ በዚህ ይሻላሉ። እዚያ መንትዮቹ መናፍስት እያንዳንዳቸው ይመርጣሉ።

ከዚህ ይልቅ እጅሽ ላይ ያለውን አትርሺ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተረፈው በግዕዝ ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ እስኪመለስ ድረስ አውሮፓውያን ሙሉውን አያውቁትም ነበር። እኛ ግን ቤታችን ተቀምጦ፣ ምናባዊ ታሪክ ሲባል ሁላችንም ዘንዶና የበረዶ ቤተ መንግሥት ፍለጋ እንሄዳለን።

ትጉሃን የሚባሉት ሁለት መቶ መላእክት ከሰማይ ሲወርዱ ያለውን ትዕይንት አንብቢ። አለቃቸው ሰምያዛ ይፈራል። የሚፈራው ግን እግዚአብሔርን አይደለም። እናንተ ትተዉኝና የዚህ ኃጢአት ዕዳ በእኔ ብቻ ይቀራል ብሎ ነው። ስለዚህ በአርሞን ተራራ ላይ ይማማላሉ፣ ይገዘታሉ። እንዴት ያለ ሰው የሚመስል ነገር ነው! ኃጢአቱን ገና አልሠሩትም፣ ይቅርባቸው ማለት ይቻላል፤ የሚሰበሰቡት ግን ማንም ቀድሞ እንዳይጸጸት ነው። ነጻ ፈቃድን ተጠቅመው ነጻ ፈቃድን ያስራሉ። ጉርዳሽ ተከታዮቹን እንዴት እንደያዘ ካላወቅሽ እዚህ ተማሪ። ወረድ ብሎ አዛዝኤል ለሰዎች የሚያስተምረው ተዘርዝሯል። ሰይፍ፣ ቢላዋ፣ ጋሻ፣ ጥሩር፣ አምባር፣ ኩል። ኩል! የሚገድለውና የሚያስጌጠው በአንድ ከረጢት ነው የመጣው።

የአንድምታ መምህራን እነዚህን ወራጆች መላእክት አይሏቸውም። የአዳም ልጅ የሆነው የሴት ልጆች ናቸው ይላሉ፤ በደብር ቅዱስ በንጽሕና ይኖሩ የነበሩ፣ በቃየን ልጆች ውበት ተስበው የወረዱ። ለአንቺ ጉዳይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። መልአክ ከሆኑ ክፋት ከላይ መጣብን ማለት ነው። የሴት ልጆች ከሆኑ ክፋቱ የራሳችን ቤተሰብ ታሪክ ነው። መጽሐፉ ራሱ ምዕራፍ 98 ላይ ሲደርስ ኃጢአት ወደ ምድር አልተላከችም፣ ሰዎች ከራሳቸው አመጧት ይላል። አንድ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ንባብ ችሎ ይኖራል። የአንቺም ዓለም ሁለት የሚከራከሩ ታሪኮች ቢኖሩት ምን አለበት? የተራራው ሰዎች አንዱን ይመኑ፣ የቆላዎቹ ሌላውን። ባይታረቁ ይሻላል።

መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ቁጥር ሳይቀር ያስቀምጣል። ኖኅ አጋንንት የልጅ ልጆቹን ሲያስቱበት ይጸልያል። ይታሰሩ ተብሎ ይታዘዛል። መስቴማ የሚባለው አለቃቸው ቀርቦ ጥቂት ይተውልኝ ብሎ ይለምናል። ዘጠኝ እጁ ታስሮ አንድ እጁ ይቀርለታል። ለክፋትም አስራት ወጣላት ማለት ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ መላእክት ለኖኅ የዕፀዋትን መድኃኒት ያስተምሩታል፣ እሱም ይጽፈዋል። ክፋት በልክ ተተወች፣ መድኃኒቷም አብሮ ተሰጠ። ይህን ዓይነት ውል ያለበት ዓለም ብዙ ልቦለድ ያበላል።

አሁን ጎርሞቹ። ይህ ከባዱ ነው፣ ቶልኪንም እስኪሞት አልወጣውም።

በወጣትነቱ ሲጽፍ ኦርኮች በሜልኮር ከድንጋይና ከአተላ የተሠሩ ነበሩ። ቆይቶ ይህ አላስተኛውም። ክፋት ሕይወት መስጠት ከቻለች ከፈጣሪ በምን አነሰች? ስለዚህ ቀየረው። ኦርኮች ተይዘው በስቃይ የተበላሹ ኤልፎች፣ ማለትም ከሰው በፊት የመጡት ውብ ፍጡራን፣ ሆኑ። ይህም ቆረቆረው፤ ኤልፎች እንደ ሰው የሚሞቱ አይደሉምና ነፍሳቸው የት ትገባለች? በኋላ ሰዎች ይሆኑ ይሆን አለ። አንዴም እንደ በቀቀን የተማሩትን የሚደግሙ፣ ነፍስ የሌላቸው አውሬዎች ናቸው ብሎ ሞከረ። እነዚህ ማስታወሻዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ታትመዋል። ከሁሉ የምትገርመኝ አንዲት ሕግ ናት። ኦርክ እጁን ሰጥቶ ምሕረት ከለመነ፣ ዋጋ ቢያስከፍልም ምሕረት ይደረግለት ይላል። ልቦለዱ ውስጥ በጅምላ የሚወድቁት ኦርኮች፣ በጸሐፊያቸው ጠረጴዛ ላይ መብት ነበራቸው።

ልቦለዱም ቢሆን አንዳንዴ ያመልጠዋል። ሻግራትና ጎርባግ የሚባሉ ሁለት የኦርክ አዛዦች በአንድ ዋሻ ውስጥ ያወራሉ፤ የጀግናው ጓደኛ ሳም ተደብቆ ይሰማል። ጦርነቱ ሲያልቅ ከጥቂት ታማኝ ልጆች ጋር ሹልክ ብለን፣ ትልልቅ አለቆች በሌሉበት ቦታ ለራሳችን እንኑር ይባባላሉ። ሰው ሁሉ ቢሮ ውስጥ የሚያወራው ነው። ጎርባግ ደግሞ ጓደኛን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ነውር መሆኑን በንቀት ይናገራል፤ የኤልፍ ሥራ ነው ይላል! ጓደኛን መክዳት ነውር ነው የሚል ፍጡር ሕሊና አለው። እሱን ሕሊና እያለው ነው ነገ የሚዘርፈው። ክፋት ማለት እንግዲህ ይኼ ነው። ሕሊና የሌለው ነገር ክፉ ሊሆን አይችልም፤ ጎርፍ ክፉ አይባልም።

እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው ጨዋታ ፍጡራንን በሥርዓት፣ በገለልተኛና በሁከት ዓምድ ደርድሮ አስቀመጣቸው። ለጨዋታ ይመቻል። ዳይስ እየወረወርሽ ማንን እንደምትመቺ ማወቅ አለብሽ። ልቦለድ ውስጥ ግን ይህ ማኅተም ሲገባ አንባቢ የተገደለውን መቁጠር ያቆማል። ጎርሞችሽ አሁን ያሉት እዚህ ነው።

መውጫውን ለማሳየት ከቶልኪን አንድ ትዕይንት ልጨምር፣ ከዚያ ወደ አንቺ ገጽ እመለሳለሁ። አውሌ አንጥረኛ ነው፣ የእጅ ጥበብ ጌታ። የኢሉቫታር ልጆች እስኪመጡ መጠበቅ አቃተው። ሊያስተምራቸው፣ ሊወዳቸው የሚችል ፍጡር ፈለገ። ከተራራ ሥር ተደብቆ ድዋርፍ የሚባሉትን የአጫጭር ሰዎች ሰባት አባቶች ሠራ። ኢሉቫታር አየውና «ምን እያደረግህ ነው?» አለው። እነዚህ ፍጡራን አንተ ልታንቀሳቅሳቸው ስታስብ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ፣ ሐሳብህ ሌላ ጋ ሲሆን ዝም ብለው ይቆማሉ። ይህን ነው የፈለግኸው? አውሌ አፈረ። አላመፀም፣ «የእኔ ናቸው» አላለም። ልጅ የአባቱን ሥራ አይቶ ቢጫወት ሊያሾፍ አይደለም አለ። ትልቁን መዶሻ እያለቀሰ አነሳ፣ ሊያደቃቸው። ድዋርፎቹ ፈርተው ሸሸት አሉ። አንገታቸውን ደፍተው ምሕረት ለመኑ። ኢሉቫታር ያኔ አስቆመው። የራሳቸው ሕይወት ባይኖራቸው ከምትህ ባልሸሹ ነበር አለው።

ሁለት ነገር አንድ ላይ ሆነ። ከሜልኮር ጋር አንድ ዓይነት ምኞት የነበረው አውሌ፣ መዶሻውን ሲያነሳ ከሜልኮር ተለየ። አሻንጉሊት የነበሩትም አውሌ ያላዘዘውን ነገር ሲያደርጉ አሻንጉሊትነታቸው አበቃ። ስለ ነጻ ፈቃድ አንድም ቃል አልተሰበከም። አንድ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው ያየነው።

እንግዲህ ገጽሽ። እማሬን ከመጀመሪያው ገጽ አታጥፊው፤ ፈጥሮ ሲጨርስ ግን አንድ ጊዜ ይሰወር። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አገልጋዮቹ አይወቁ። ጉርዳ በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚፈልገው ነገር ይኑረው፣ እኔም ብሆን የምፈልገው ዓይነት። አጠገቡ በዚያው ጨለማ ቆሞ አላውቅም የሚል ሌላ አገልጋይ ጨምሪ። ጀግና አይሁን፣ ብዙ አይናገር። ጎርሞቹን ደግሞ ጉርዳ ይስረቃቸው እንጂ አይፍጠራቸው። ከማን እንደሰረቃቸው አንቺ እወቂ፤ ለአንባቢው ቶሎ አትንገሪው።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ከጦርነቱ በፊት የምታሳዪው ጎርም አለ። ስም አልሰጠሽውም። ሌሎቹ ሰይፍ ሲስሉ እሱ ከተሰጠው ቆሎ አንድ እፍኝ ከካባው ሥር ይደብቃል። አንድ መስመር ነው፣ ለማስጌጫ ያስገባሽው ይመስለኛል። በማግሥቱ ጀግናሽ አንገቱን ይቀላዋል፣ ቆሎውም ይረሳል። ጉርዳ እንዲህ አድርግ ብሎ አላዘዘውም። አለቃው ቢያይ ይገርፈዋል። ቢሆንም ደበቀ።

ሌላውን ሁሉ ተይውና በሚቀጥለው ስትልኪልኝ ቆሎውን ለማን እንደደበቀው ጻፊልኝ።